በፊልም የተነሣው ሕዝብ ፊልሙን ይመልከት

ኪነ ጥበብ ከኅብረተሰቡ ኑሮ ተነጥሎ ሊታይ የሚችል ነገር አይደለም። ከሥራና ከትግል ይወለዳል፤ ተመልሶም ሥራንና ትግልን ያገለግላል። በዐውድማ ላይ በሬ እየነዳ የሚያዜም ገበሬ፣ በሠርግ ቤት ግጥም የሚያወርድ አዝማሪ፣ እንጉርጉሮዋን ከወፍጮው ድምፅ ጋር የምታስማማ እናት ይህን እውነት ለመረዳት አስተማሪ አላስፈለጋቸውም። ከኪነ ጥበባት ሁሉ በዕድሜ ታናሽ የሆነው ሲኒማ ግን የተለየ ጠባይ አለው። ለዜማ ጉሮሮ ይበቃል፤ ፊልም ግን መሣሪያ፣ ገንዘብና የኤሌክትሪክ ኃይል ይጠይቃል። በዚህም ምክንያት ሲኒማ ከተፈጠረበት ጊዜ ጀምሮ በአብዛኛው አቅም ባላቸው ክፍሎች እጅ ቆይቷል። ስለዚህ በፊልም ጉዳይ ላይ ትክክለኛ ፍርድ ለመስጠት የሚሻ ሁሉ ሦስት ጥያቄዎችን ማንሣት ይኖርበታል። ፊልሙን የሚያነሣው ማን ነው? በፊልሙ የሚነሣው ማን ነው? ፊልሙንስ የሚመለከተው ማን ነው?

እነዚህን ጥያቄዎች ለመመርመር የደባርቅና የዳባት ነዋሪ ሩቅ መሄድ አያስፈልገውም። የሰሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ እ.ኤ.አ. በ1978 በዓለም ቅርስነት ተመዝግቧል። ተራራውን በፊልም ለማንሣት የሚመጡ የውጭ አገር ሰዎች በደባርቅ በኩል ያልፋሉ። ካሜራና ሣጥን በበቅሎ ጭነው ወደ ሳንቃበር፣ ወደ ግጭና ወደ ጨነቅ የሚያደርሱት የአካባቢው በቅሎ ነጂዎች ናቸው። መንገድ የሚመሩት፣ በሌሊት ብርድ ጠመንጃ ይዘው የሚጠብቁት፣ ምግብ የሚያበስሉት የዚሁ አገር ሠራተኞች ናቸው። የእንግሊዙ ቢቢሲ እ.ኤ.አ. በ2006 ‹‹ፕላኔት ኧርዝ›› በተሰኘው ተከታታይ ፊልሙ የሰሜንን ጭላዳ ለዓለም ሕዝብ አሳይቷል። ሥራው በሙያ ደረጃ የሚደነቅ ነው፤ ይህን አንክድም። ነገር ግን እንዲህ ያሉ የተፈጥሮ ፊልሞች በአብዛኛው ተራራውን የሚያሳዩት ሰው ያልረገጠው አስመስለው ነው። ጭላዳው ይታያል፤ ዋልያው ይታያል፤ በገደሉ አፋፍ ላይ ገብስ የሚዘራው ገበሬ ግን ከምስሉ ጠርዝ ውጭ ይቀራል። በ2008 ዓ.ም የግጭ ነዋሪዎች ለፓርኩ ደኅንነት ሲባል ቀዬአቸውን ለቀው ደባርቅ ከተማ እንዲሰፍሩ ተደርጓል። ተራራውን በእነዚያ ፊልሞች ብቻ ያወቀ የሩቅ ተመልካች ይህን በሰማ ጊዜ ‹‹ለካ ሰው ይኖርበት ኖሯል?›› ቢል አይፈረድበትም። ለመሆኑ ሣጥኑን ከጫኑት በቅሎ ነጂዎች መካከል ያለቀለትን ፊልም ለማየት የበቁት ስንቶቹ ናቸው?

በሌላው ዓይን የታየ ሕዝብ ራሱን በሌላው ዓይን ማየት ይለምዳል። ለዚህ ከጎንደር የተገኘ ሕያው ምስክር አለን። ታዋቂው የፊልም ሰው ኃይሌ ገሪማ እ.ኤ.አ. በ1946 በጎንደር ከተማ ተወለደ። አባቱ ገሪማ ታፈረ ‹‹ጎንደሬ በጋሻው›› በተሰኘው መጽሐፋቸው የአርበኞችን ተጋድሎ የጻፉ፣ ቴአትርም የሚደርሱ ሰው ነበሩ። ልጁ በቤቱ የአርበኞችን ታሪክ እየሰማ ቢያድግም በሲኒማ የሚያየው ግን የአሜሪካን ፊልም ነበር። ኃይሌ በኋላ ዘመን እንደተናገረው፣ እርሱና ጓደኞቹ የታርዛንን ፊልም ሲመለከቱ አፍሪካውያኑ ከኋላ ሊያጠቁት ብቅ ባሉ ቁጥር ታርዛን እንዲጠነቀቅ ይጮኹለት ነበር። እስኪ አንባቢያችን ይህን ያስተውል። አባቶቹ ወራሪን በጋሻና በጎራዴ የመከቱ ሕፃን በጨለማው አዳራሽ ተቀምጦ የራሱን ወገን ለባዕድ ያስጠነቅቅበታል። በሕፃኑ ላይ የተመዘዘ ጠመንጃ አልነበረም። ሥራውን የሠራው ካሜራው የቆመበት ቦታ ነው። ካሜራው ከታርዛን ጎን ስለቆመ የሕፃናቱም ልብ ከታርዛን ጎን ቆመ።

ኃይሌ ገሪማ እ.ኤ.አ. በ1967 ወደ አሜሪካ ተሻግሮ በመጀመሪያ በቺካጎ ቴአትር፣ ቀጥሎም በሎስ አንጀለስ በሚገኘው የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ፊልም ተማረ። በዚያም ቻርልስ በርኔትን፣ ጁሊ ዳሽንና ሌሎችንም ጥቁር የፊልም ተማሪዎች ያፈራው እንቅስቃሴ አባል ሆነ። እነዚህ ወጣቶች የሆሊውድ ፊልም ፋብሪካዎች በአፍንጫቸው ሥር እያሉ የፋብሪካዎቹን መንገድ አንከተልም አሉ። የራሳቸውን ሠፈርና የራሳቸውን ወዝ አደር በትንሽ ገንዘብ ያነሡ ጀመር። ነጻ ፊልም የምንለው ይህን ነው። ነጻነቱ ትርፍ ፈላጊው ባለገንዘብ በታሪኩ ላይ አዛዥ ስላልሆነ ነው። ዕዳውም ከዚሁ ይመነጫል፤ ባለገንዘቡ የማያዝዘውን ፊልም ባለገንዘቡ አያከፋፍለውምና።

ኃይሌ ‹‹ምርት ሦስት ሺህ ዓመት›› የተባለውን ፊልሙን ያነሣው እ.ኤ.አ. በ1974 ወደ አገሩ ተመልሶ ነው። ጊዜው የዘውዱ ሥርዓት የሚንገዳገድበት፣ ወታደሮቹም ሥልጣኑን ገና አጠናክረው ያልያዙበት ነበር። ቀረጻው የተከናወነው በሁለት ሳምንት ውስጥ ሲሆን ፊልሙ ጥቁርና ነጭ፣ ስፋቱም 16 ሚሊሜትር ነው። የዚህን ትርጉም ለሠራተኛው አንባቢያችን ማስረዳት ተገቢ ነው። 16 ሚሊሜትር በጊዜው ዜና አንሺዎች የሚጠቀሙበት ቀላልና ርካሽ ፊልም ነበር። የተለመደው አንድ ጥቅል፣ ማለትም 400 ጫማ፣ የሚያገለግለው ለ11 ደቂቃ ያህል ብቻ ነው። እያንዳንዱ ደቂቃ በገንዘብ የሚለካ በመሆኑ ድሃው ፊልም ሠሪ እንደ ድሃ ገበሬ ዘሩን ቆጥሮ ይዘራል። በፊልሙ የሚታዩትም የሠለጠኑ ተዋንያን ሳይሆኑ በአብዛኛው ገበሬዎችና ተራ ሰዎች ናቸው።

ታሪኩ የአንድ ጭሰኛ ቤተሰብ ታሪክ ነው። ባለ መሬቱ ወንበሩን ከደጅ አስወጥቶ ይቀመጣል፤ ይሳደባል፤ ያዝዛል። ጭሰኞቹ ጎንበስ ብለው ይታዘዛሉ። ልጃቸው በሕልሟ ወላጆቿን እንደ በሬ በቀንበር ተጠምደው ታያለች። ይህች ልጅ የጌታውን ከብት አተርፋለሁ ስትል በደራሽ ውኃ ተወስዳ ትሞታለች። ከበበ የሚባለው፣ መሬቱን የተነጠቀውና ሰው እንደ እብድ የሚቆጥረው የጦር ሜዳ ሰው፣ እውነቱን በአደባባይ የሚናገር እርሱ ብቻ ነው። በመጨረሻም በባለ መሬቱ ላይ እጁን ያነሣል። ፊልሙ ከተነሣ ከጥቂት ወራት በኋላ፣ የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም፣ የገጠር መሬት አዋጅ ታወጀ። ፊልሙ አዋጁን አልጠበቀም። አዋጁን ያስገደደውን ምሬት ቀድሞ በምስል አስቀመጠው። እ.ኤ.አ. በ1976 በስዊዘርላንድ የሎካርኖ የፊልም በዓል ተሸለመ፤ በፈረንሳይም የዦርዥ ሳዱልን ሽልማት አገኘ።

እኛም ይህን ፊልም ለመጀመሪያ ጊዜ የተመለከትነው በአገራችን አይደለም። ለትምህርት በሄድንበት በባዕድ አገር አዳራሽ ነበር። በዙሪያችን የተቀመጠው የውጭ አገር ተመልካች ከምስሉ ግርጌ የተጻፈውን ትርጉም ሲያነብ እኛ አማርኛውን በጆሮአችን እንሰማ ነበር። ከፊልሙ በኋላ ምሁራኑ ስለ ገበሬው ብዙ ተናገሩ፤ ተከራከሩ። በአዳራሹ አንድም ገበሬ አልነበረም። ያን ዕለት የተሰማን ኩራት ብቻ አልነበረም፤ ኀፍረትም ነበር። አባቱ ገበሬ የነበረ ሰው የአባቱን ኑሮ ለማየት ባሕር መሻገር ኖሮበታልን?

በቅርቡ በዳባት አንድ ሻይ ቤት ተቀምጠን የፊልሙን ታሪክ ለጨዋታ ያህል አነሣነው። አንድ በዕድሜ የገፉ አባት እስከ መጨረሻው ሰምተው ‹‹ልጄ፣ ያ ያልኸው ጌታ የኛ አገር ሰው አልመሰለኝም። እኛ እኮ ርስተኞች ነን፤ መሬቱ ያባት ያያት ነው። እኛን ያስመረረን ግብሩና የርስት ሙግቱ ነበር›› አሉ። የሻይ ቤቱ ባለቤት ግን ሻይ መቅዳቷን ትታ ‹‹አባቴ፣ እርስዎ ርስት ነበረዎት። ቀጥቃጩስ? ሸክላ ሠሪዋስ? ሸማኔውስ? በማን መሬት ላይ ነበር ጎጆ የሚቀልሱት?›› ስትል መለሰችላቸው። ሽማግሌው ዝም ብለው ቆዩና ‹‹እሱስ እውነት ነው›› አሉ።

ይህ አጭር ንግግር ብዙ ያስተምራል። የሰሜኑ የርስት ሥርዓትና የደቡቡ የጭሰኝነት ሥርዓት አንድ እንዳልነበሩ የታሪክ ምሁራን በብዙ ገጽ ጽፈዋል። ሽማግሌው በአንድ ዓረፍተ ነገር ተናገሩት። ርስተኛ በሚባለው ኅብረተሰብ ውስጥ ርስት አልባ የእጅ ሙያተኞች እንደነበሩም የሻይ ቤቱ ባለቤት በአንዲት ጥያቄ አስታወሰች። ሁለቱም ፊልሙን አላዩትም፤ ታሪኩን ብቻ ሰሙ። ቢያዩትስ ኖሮ? ባላባቱ ወንበር ላይ ተቀምጦ ጭሰኛው ሲያጎነብስ በዓይናቸው ቢመለከቱ ምን ይሉ ነበር? እኛ በባዕድ አዳራሽ ከሰማነው የምሁራን ክርክር ይልቅ ይህኛው ለፊልሙ የሚበጅ ሒስ እንደሚሆን አንጠራጠርም። አንድ ፊልም ተፈጸመ የሚባለው የመጨረሻው ጥቅል ሲታጠብ አይደለም። ስለ ኑሮው የተነገረለት ሕዝብ ፊት ለፊቱ ተቀምጦ ‹‹ይህ ልክ ነው፤ ይህ ግን አይደለም›› ሲል ነው።

ይህ ሐሳብ የኛ ብቻ አይደለም። ሴኔጋላዊው ዑስማን ሴምቤን በማርሴይ ወደብ ጭነት ሲያወርድና ሲጭን የኖረ ወዝ አደር ነበር። በመጀመሪያ ልብ ወለድ ጻፈ። ነገር ግን ታሪካቸውን የሚጽፍላቸው ወገኖቹ ማንበብ እንደማይችሉ ባየ ጊዜ ወደ ሲኒማ ፊቱን አዞረና በሞስኮ ፊልም ተማረ። ሲኒማን የሕዝብ የማታ ትምህርት ቤት አድርጎ ይቆጥረው ነበር። ፊልሞቹንም ይዞ በገጠር እየዞረ ካሳየ በኋላ ከተመልካቹ ጋር ይወያይ ነበር። በኢጣልያም ቪቶሪዮ ደ ሲካ እ.ኤ.አ. በ1948 በሠራው ‹‹የብስክሌት ሌቦች›› ፊልም ውስጥ ዋናውን ሰው ሆኖ የተጫወተው ላምቤርቶ ማጆራኒ የፋብሪካ ሠራተኛ እንጂ ተዋናይ አልነበረም። ብስክሌቱ የተሰረቀበት ድሃ ልጁን አስከትሎ በሮም ጎዳናዎች ይንከራተታል፤ ብስክሌቱ ከሌለ ሥራው የለም። በቅሎው የተሰረቀችበት የደባርቅ በቅሎ ነጂ ይህን ፊልም ለመረዳት ጣልያንኛ ማወቅ ያስፈልገዋልን?

አንዳንዶች ‹‹ይህ ዓይነቱ ፊልም ዝግ ያለ ነው፤ ሕዝቡ የሚወደው ድብድብና ሳቅ ነው›› ይላሉ። ሕዝቡ የሚስቅበትና የሚዝናናበት ፊልም እንዲኖረው ይገባል፤ ድካሙን የሚረሳበት ሰዓት ለሠራተኛ መብቱ ነው። ነገር ግን ያልቀረበለትን ማዕድ አልወደደም ማለት ፍርደ ገምድልነት ነው። ‹‹ምርት ሦስት ሺህ ዓመት›› ሁለት ሰዓት ተኩል ይፈጃል፤ ሰው ሲያርስና ሲያጭድም ጊዜ ወስዶ ያሳያል። የከተማው ምሁር በዚህ ይሰላች ይሆናል። ያረሰ ሰው ግን የእርሻን ጊዜ ያውቀዋል። ፊልም መመልከትም እንደ ፊደል የሚማሩት ነገር ነው። ካሜራው ከማን ጎን ቆመ? ወንበር ላይ የተቀመጠው ማን ነው፤ ቆሞ የሚጠብቀውስ? የሚናገረው ማን ነው፤ ዝም የተሰኘውስ? እነዚህን ጥያቄዎች ይዞ የተቀመጠ ተመልካች ታርዛንንም ቢያይ ከእንግዲህ ለታርዛን አይጮኽለትም።

ነጻ ፊልም የሚያጋልጠው የድሮውን ጌታ ብቻ ነው ብለን ብናስብ ራሳችንን እናታልላለን። በ1970ዎቹ ዓመታት ኪነ ጥበብ የሰፊው ሕዝብ መሣሪያ ነው የሚለው አነጋገር በጋዜጦች ገጽ ላይ ዘወትር ይነበብ ነበር። ያን ዘመን መልሶ የመረመረው ደግሞ ያው ኃይሌ ገሪማ ነው። ‹‹ጤዛ›› የተባለው ፊልሙ እ.ኤ.አ. በ2008 በቬኒስ የዳኞችን ልዩ ሽልማትና የድርሰት ሽልማት፣ በ2009 ደግሞ በዋጋዱጉ የፌስፓኮን ታላቅ ሽልማት አግኝቷል። አንበርብር በጀርመን አገር ሕክምና ተምሮ፣ አብዮቱን ተስፋ አድርጎ ወደ አገሩ ይመለሳል። የተለየ ሐሳብ ያለው ሁሉ ጠላት ሲባል ያያል። ወደ ጀርመን ተመልሶም በዘረኞች ተደብድቦ እግሩን ያጣል። በመጨረሻ ወደ እናቱ መንደር ሲገባ ወጣቶቹ ከጦርነት ምልመላ ሸሽተው በዋሻ ተደብቀዋል። በባዕድ አገር ተምረን የተመለስን ሁሉ ይህን ፊልም ያለ ኀፍረት ልንመለከተው አንችልም። ለሕዝብ እናውቃለን ያልን ሰዎች ሕዝቡን ጠይቀን እንደማናውቅ ይነግረናልና። ሕዝብን እወክላለሁ ማለት አንድ ነገር ነው፤ የሕዝቡን ፍርድ ለመስማት መቀመጥ ሌላ ነው።

ከኃይሌ በኋላ የመጣው ትውልድም ሥራውን አላቋረጠም። የያሬድ ዘለቀ ‹‹ላምብ›› እ.ኤ.አ. በ2015 በካን የፊልም በዓል ይፋ መርሐ ግብር ውስጥ በመግባት የመጀመሪያው የኢትዮጵያ ፊልም ሆኗል። እናቱ የሞተችበት ኤፍሬም የሚባል ሕፃን ከበጉ ጋር ወደ ተራራ አገር ዘመዶቹ ዘንድ ይላካል። አጎቱ በጓን ለበዓል ሊያርዳት ይፈልጋል። ሕፃኑ ደግሞ ወጥ መሥራት ይወዳል፤ በዚህም ይዘለፋል። ወንድ ልጅ ምድጃ ዳር አይቀመጥም በሚባልበት የደጋ አገር ይህ ፊልም ቢታይ እናቶች የሚሉት፣ አባቶችም የሚመልሱት አይታጣም።

እንግዲህ ጥያቄው ምን ይደረግ የሚለው ነው። መልሱን የሚሰጠን የ‹‹ሳንኮፋ›› ታሪክ ነው። ኃይሌ ገሪማ ስለ ባርነት የሠራውን ይህን ፊልም እ.ኤ.አ. በ1993 ሲያቀርብ የአሜሪካ ታላላቅ አከፋፋዮች አልተቀበሉትም። እርሱና የሥራ አጋሮቹ ግን ወደ ጥቁሩ ሕዝብ ሠፈሮች ወረዱ፤ ሲኒማ ቤቱን ራሳቸው ተከራዩ፤ ማኅበራትን አስተባበሩ። ሕዝቡም ተሰልፎ ገባ። በዋሽንግተን የተጀመረው ይህ አሠራር በሌሎችም ከተሞች ተደገመ። ፊልሙን ሕዝብ ዘንድ ያደረሰው የሠፈር ድርጅት ነው።

የሠፈር ድርጅት ደግሞ ለኛ እንግዳ ነገር አይደለም። እድራችን ድንኳንና አግዳሚ ወንበር አለው። በሁለት ምሰሶ መካከል የተወጠረ ነጭ አቡጀዲ መጋረጃ ይሆናል። ምስሉን የሚወረውረውን መሣሪያ ከትምህርት ቤት መዋስ ይቻላል። መብራት የጠፋ እንደሆነ ጄኔሬተር አለ። ፊልሙን ከባለ መብቱ በፈቃድ ማግኘት ያስፈልጋል፤ የሠሪውን ድካም ሰርቆ ስለ ፍትሕ መናገር አይቻልምና። ኃይሌ ገሪማና ባለቤቱ በዋሽንግተን ከሐዋርድ ዩኒቨርሲቲ ፊት ለፊት የከፈቱት ‹‹ሳንኮፋ›› የመጻሕፍትና የፊልም ቤት የታወቀ ስለሆነ በዚያ በኩል መጠየቅ ይቻላል። ረጅሙን ፊልም በሁለት ምሽት ከፍሎ ማሳየት ነውር የለውም። ዋናው ነገር ፊልሙ እንዳለቀ ሰው እንዳይበተን ነው። ሽማግሌዎች ይናገሩ፤ እናቶች ከኋላ ሳይሆን ከፊት ተቀምጠው ይናገሩ፤ ከግጭ የመጡትም ይናገሩ። ወጣቱም ይስማ፤ ነገ በእጁ ባለው ስልክ የበቅሎ ነጂውን ሌሊት፣ የሊማሊሞን ጠመዝማዛ መንገድና የገበያውን ዋጋ ክርክር የሚያነሣው እርሱ ነውና። የኃይሌ ጥቅል 11 ደቂቃ ነበር፤ የዛሬው ወጣት ጥቅል አይቆጥርም። የጎደለው መሣሪያ አይደለም፤ የት መቆም እንዳለበት የሚያውቅ ዓይን ነው።

በመሆኑም የደባርቅና የዳባት የነዋሪዎች ማኅበራት፣ እድሮችና የሠራተኛ ማኅበራት ሲኒማ ቤት እስኪሠራላቸው ሳይጠብቁ ከዓመቱ ምሽቶች ጥቂቱን ለዚህ ሥራ እንዲመድቡ እናሳስባለን። ተራራችን ብዙ ጊዜ በፊልም ተነሥቷል። ሣጥኑን ሽቅብ የጫነው ሕዝብ አሁን ደግሞ አግዳሚው ላይ ይቀመጥ፤ ይመልከት፤ ይፍረድ።